ስልኩ የተያዘበት ማክሰኞ

ሀረጓን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ያስወጣታል? ብትጠይቋት በሸቅል አትነግራችሁም፤ የምትቆጥረው በደረጃ ነው። እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር ያለው ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ከመንገዱ እስከ በሯ ሃምሳ አራት ደረጃ። ጠዋት ሕፃን ማያን ታቅፎ መውረድ፣ ከሥራ መልስ ማያንም ፌስታሉንም ተሸክሞ መውጣት፣ የተረሳ ወተት፣ የሚጣል ቆሻሻ፤ ሲደመር በቀን ሦስት መቶ ሃያ አራት። በዚህ ላይ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የእርጎ ኩባያ የምታሽግበት ስምንት ሰዓት አለ። ለአለቃዋ የምትሰጠው አራት ፈገግታ አለ፤ ሁለቱ ከልብ፣ ሁለቱ ለአመል ያህል። አክስቷ እትዬ ታየች ከፖስታ ሳጥን እያወጣች የምታመጣው የዕብራይስጥ ደብዳቤም አለ፤ አንዱ ከመብራት፣ አንዱ ከማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት የሚል። ሁሉም በሀረጓ አፍ መተርጎም አለበት። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ለራሷ የሚተርፋት ጥርሷን የምትቦርሽበት ሁለት ደቂቃ ነው፤ እሱንም ማያ የመታጠቢያ ቤቱን በር እየደበደበችባት።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1993፣ ትልልቆቹ ብርሃን ሠረቀ በሚሉት በሮሽ ሃሻና፣ በአይሁድ አዲስ ዓመት በዓል፣ እትዬ ታየች ቤት ተሰብስበው ፖሙን በማር እየነከሩ ሲበሉ አክስትየው ጥያቄ አነሣች።

«እስቲ ለአዲሱ ዓመት ምን አስባችኋል?»

«እኔ ሲጋራ አቆማለሁ» አለ የሀረጓ ባል ካሣሁን።

«አምናም ብለህ ነበር።»

«የአምናው ለአምና ነው፤ ይኼ አዲስ ነው።»

ሀረጓ ጣቷን ከማሩ ላሰችና «እኔ አንድ የጀመርኩትን ነገር እጨርሳለሁ» አለች።

ሳቁባት። ቢስቁም አይፈረድባቸውም። የባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ፣ ፈተናዋ ሒሳቡ ቀርቶባታል። መኪና መንዳት መማር ጀምራ በዘጠነኛው ቀን ማያን አርግዛ ማቅለሽለሽ ሲይዛት ተወችው። ለካሣሁን የጀመረችለት ሹራብ አንድ እጅጌ ብቻ ይዞ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ክረምት አልፎታል።

«ሹራቡ በሆነና» አለ ካሣሁን፤ «ግራ እጄን እኮ እየበረደው ነው።»

«ጨዋታውን ነው የምጨርሰው።»

«ጨዋታ?» እትዬ ታየች ቢላዋውን አስቀመጠች። «አግብተሽ ወልደሽ?»

«አግብቼ ወልጄ ስለደከመኝ እኮ ነው እትዬ! በሳምንት ሁለት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ፤ ጨዋታውንም ዳር አደርሰዋለሁ። ይኸው በምስክር ተናገርኩ።»

«ዳር ማድረሱን መቼ ልትጀምሪ?»

«አኻሬ ሃኻጊም» አለች ሀረጓ፤ ከበዓላቱ በኋላ ማለቷ ነው። በዚህ አገር ሐኪሙም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ መንግሥቱም ሥራ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ስለሆነ ማንም አልተከራከራትም።

አሁን ጨዋታው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ካሣሁን የሚሠራበት መጋዘን ኮምፒውተሮቹን በአዲስ ሲለውጥ አሮጌዎቹን ለሠራተኛ አደለ። ካሣሁንም የደረሰውን በማያ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ሃምሳ አራቱን ደረጃ አወጣው። ጎረቤት ሁለተኛ ልጅ የተወለደ መስሏት እንኳን እግዜር ማረሽ ለማለት ትንሽ ነበር የቀራት። ከዚያ የሀረጓ ጓደኛ ሺራን ሞደም የሚባለውን ሰጠቻት፤ የጫማ ቀለም ሳጥን የምታክል ዕቃ ናት። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር ታገናኘዋለች። ሲደወልባት መጀመሪያ እንደ ተናደደ ድመት ትጮኻለች፣ ከዚያ እንደ ዝናብ ትንሿሿለች፣ ከዚያ ጸጥ። ጸጥ ሲል ገብተሻል ማለት ነው።

የሚገባው እዚያው አሽቀሎን፣ ባርኔአ ሰፈር ወደሚኖር ሊኦር የተባለ ልጅ ቤት ነው። ሊኦር በመኝታ ክፍሉ ኮምፒውተር አስቀምጦ ሦስት የስልክ መስመር ስቦለታል። በሦስቱ መስመር ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፤ አራተኛው ቢደውል ተይዟል። እዚያ ውስጥ ሥዕል የለም፣ ድምፅ የለም፤ ጽሑፍ ብቻ። «ገደል አፍ ላይ ቆመሻል፤ ከታች ባሕር ይጮኻል» ይልሻል። አንቺ ደግሞ «ገመዱን አስራለሁ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ጓደኛሽ ከሌላ ከተማ «እኔ ገመዱን እይዝልሻለሁ» ትልሻለች፤ ትይዝልሻለችም።

ሦስቱ ተጫዋቾች የፕኒሚያ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ልጆች ናቸው። ሺራን አሁን በቤር ሼቫ ነርስነት ትማራለች፤ ደም ስታይ አሁንም ፊቷ ይገረጣል። በጨዋታው ውስጥ ግን ባለ ሁለት ሰይፍ ተዋጊ ናት። አቪኤል የአትክልት ሠራተኛ ነው፤ በሕይወቱ የሰው ሎሚ ቆርጦ አያውቅም፤ በጨዋታው ቁልፍ የማይገታው ሌባ ሆኗል። ሀረጓ ጣና የምትባል መድኃኒት ዐዋቂ ናት። ፕኒሚያ ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ በልተው፣ ከአንድ ደብተር ገልብጠው ካደጉ በኋላ ኑሮ በትኗቸው ለአምስት ዓመት የተገናኙት ሰርግ ላይ ብቻ ነበር። አሁን በየማክሰኞው ከአራት እስከ ስድስት፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት፣ አንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሀረጓ እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ስትጠብቅ የእርጎ ኩባያው እንኳ በእጇ ላይ ይቀልላል።

በዓላቱ አለፉ። ሊኦር አንድ ማክሰኞ ክፉ ወሬ ጻፈላቸው፤ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቷል። «የፊታችን ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን አጠፋለሁ። ስመለስ አዲስ ዓለም ነው የምጀምረው፤ ይኼኛው ይደመሰሳል። የጨው በር ላይ ድረሱና ክፈቱት፤ ያለዚያ እንዳልነበረ ይሆናል።»

የጨው በር የመጨረሻው ነው። ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱን ሦስት ሰው እኩል ካላዞራቸው አይከፈትም። ቁልፎቹን ፍለጋ ከፋሲካ ጀምሮ ሰባት ወር ተንከራተዋል። አንዱ ከጎደለ ሰባቱ ወር ከንቱ። ሀረጓ ሳምንቱን ሙሉ ለማያ ገንፎ እያበላች «እጨርሰዋለሁ፣ እጨርሰዋለሁ» ትል ነበር። ማያ የመሰላት ገንፎውን ነው፤ ሳህኑን ሸሸገች።

ያ ማክሰኞ ደረሰ። ካሣሁን ቤቱ ጸጥ እንዲል ብሎ ማያን ይዞ ከፎቁ ኋላ ወዳለው መጫወቻ ወረደ። አራት ሰዓት ላይ ሞደሟ ጮኸች፣ ተንሿሿች፣ ጸጥ አለች። ሦስቱም ተገኙ። ዋሻውን አለፉ። ሺራን ቆሰለች፤ ጣና ቁስሏን አሰረችላት። አቪኤል ከተኛ ዘንዶ ሥር ሦስተኛውን ቁልፍ ስቦ አወጣ። ሀረጓ ልቧ እንደ ልጃገረድ ይዘልላል፤ ጣቶቿ ከሐሳቧ ቀድመው ይጽፋሉ።

እሷ እዚያ ስትሮጥ ታዲያ አሽቀሎን ውስጥ ሌላ ነገር ይሮጥ ነበር። ይህን የሰማችው በኋላ ነው።

አራት ተኩል ላይ እትዬ ታየች ደወለች፤ አንድ ደብዳቤ መጥቶባታል። ተይዟል። ጥቂት ቆይታ ደወለች። ተይዟል። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ተይዟል። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ሰው ሲሞት ግን ስልኩ ሁሉ እንደሚያዝ እትዬ ታየች ታውቃለች፤ ዘመድ እርስ በርሱ የሚመካከረው፣ ለማን መቼ እንደሚነገር የሚቆርጠው በስልክ ነው። ለወንድሟ ለአባባ ይሄይስ ደወለች። «የሀረጓ ስልክ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተይዟል፤ የሰማኸው ነገር አለ?» «እኔ ምን ሰማሁ» አለ እሱ። አነጋገሩን አልወደደችውም፤ የደበቃት መሰላት። ወደ ሌላ ሰው ደወለች። አባባ ይሄይስም ግራ ቢገባው ሀረጓ ጋ ደወለ፤ ተይዟል። መልሶ ታየች ጋ ደወለ፤ እሷም ተይዟል! አሁን እሱም ደነገጠ። ሦስተኛ ሰው ጋ ደወለ፤ ሦስተኛው አራተኛው ጋ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከአቲቆት እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ የእኛ ሰው ስልክ ሁሉ ተይዞ ነበር፤ የተያዘውም ስልኩ ለምን እንደተያዘ በመጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ፣ ለእሱ ብቻ የተደበቀው መሰለው። ስለዚህ ማንም «ማን ሞተ?» ብሎ ደፍሮ አልጠየቀም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በድስት፣ የፕላስቲክ ወንበር በትከሻ ይዘው ተነሡ።

አምስት ተኩል ሲሆን ሦስቱ ተጓዦች የጨው በር ፊት ቆሙ። ያን ጊዜ የሀረጓ የቤቷ በር ተንኳኳ።

«ማን ነው?»

«እኛ ነን ልጄ።»

የአባባ ይሄይስ ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ ዝግ ያለ። ሀረጓ ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። እናቷ በሱዳን መንገድ ማለፏን ዘመድ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ትምህርቷ እንዳይሰናከል ብለው ሁለት ዓመት ደበቋት። የትምህርቷ መጨረሻ ሳምንት ላይ አባባ ይሄይስና እትዬ ታየች ፕኒሚያው ድረስ መጥተው በሯን አንኳኩ፤ «እኛ ነን ልጄ» አላት አባባ ይሄይስ።

እጇ ከመጻፊያው ላይ ወደቀ። በሩን ከፈተች። ደረጃው ከላይ እስከ ታች በሰው ተሞልቷል። የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ድስት፣ ወንበር። እትዬ ታየች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ! አይዞሽ!»

«ምን ሆነ? እትዬ፣ ምን ሆነ?»

«አይዞሽ፣ በርቺ...»

«ካሣሁን ነው? ማያ ናት? ደህና ሆነው እኮ ነው የወረዱት! ካሣሁንን ምን አገኘው?»

እትዬ ታየች ይህን ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ካሣሁን!» ከኋላዋ ያለችው «ካሣሁን ነው አሉ!» ብላ ለታችኛይቱ አቀበለች፤ እሷም ለቀጣይዋ። ልቅሶው ደረጃ በደረጃ ወረደ። ሀረጓ የበሩን መቃን ይዛ ቁጭ አለች። ሌላ ነገር አላየችም፤ ያየችው የማያን ትንሿን ቢጫ ጫማ፣ በሩ ሥር የቀረችውን፣ ብቻ ነው።

ታች መግቢያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ልጅ ታቅፎ እየሮጠ ደረሰ። በራሱ በር ይህን የሚያህል ሕዝብ ሲገባ አይቶ ነው።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» አለ እያለከለከ።

መጨረሻ የቆመችው ሴት ዞር ሳትል «ካሣሁን ነው፤ ምስኪን» አለችው።

«የቱ ካሣሁን?»

«የሀረጓ ባል ነዋ! ማነህ አንተ ደግሞ...» ዘወር አለች። ድስቱን ለቀቀችው። ንፍሮው ከደረጃው ላይ ተንከባለለ።

ካሣሁን በሰዎች መካከል እየተሹለከለከ ወጣ። ሀረጓ ስታያቸው አልጮኸችም፤ ማያን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ትንሽ ቆይታ እንባዋ መጣ። ማያ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ፣ አሸዋ የሞላው እጇን እናቷ ፊት ላይ አሻሸች።

«እሺ» አለ አባባ ይሄይስ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ካሣሁን አልሞተም። ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ሁሉም ሌላውን አየ።

«እናንተ ንገሩኝ እንጂ!» አለች ሀረጓ። «ነጠላ አዘቅዝቃችሁ የመጣችሁት እናንተ!»

«ታየች ናት የነገረችኝ» አለ አባባ ይሄይስ።

«እኔ? እኔ ስልኳ ተይዟል አልኩ እንጂ ሞተ ብያለሁ?»

«እንዴት ነው ታዲያ ያልሺው! በልቅሶ ድምፅ ነው ያልሺው።»

«ያንተ አመላለስ ነው ያስለቀሰኝ!»

«ረጋ፣ ረጋ፣ አንድ ጊዜ» አለ ካሣሁን። «ስልኩ የተያዘው እኮ ሀረጓ እየተጫወተችበት ነው።»

ጨዋታ! ሀረጓ ብድግ አለች። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ማያን ለአባቷ አስረክባ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠች። ሺራን የኮምፒውተሩን መስኮት በጽሑፍ ሞልታዋለች፤ «የት ነሽ? ሀረጓ! በሩ ፊት ነን! ማ ኮሬ፣ ምን ተፈጠረ?» ጣቶቿን ዘረጋች። «አለሁ፣ ቁልፌን...»

ቃሉን አልጨረሰችም። መስኮቱ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ተበተነ፤ ከዚያ ሁሉም ቆመ። ከመኝታ ቤት የእትዬ ታየች ድምፅ መጣ። «ሃሎ? ሃሎ? ወይ ጉድ፣ ይኼ ስልክ ውስጥ ድመት አለ እንዴ?» ለቀሩት ዘመዶች ማንም እንዳልሞተ ልትነግር በዚያው መስመር ላይ የሚሠራውን ሁለተኛውን ስልክ አንስታለች።

«እትዬ! ዝጊው! ዝጊው!»

ዘጋች። ሀረጓ እንደገና ደወለች። ከሞደሟ የወጣው ድምፅ ግን ቱ፣ ቱ፣ ቱ ነው። ሦስተኛውን መስመር ሌላ ሰው ገብቶበታል።

«ምን ይላል?» አለች እትዬ ታየች በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

«ተይዟል።»

«ውይ! እዚያ ቤትም ሰው ሞቶ ይሆን?»

ካሣሁን ሳቁን ሊይዝ ቢሞክር በአፍንጫው አመለጠው። ሀረጓ አልሳቀችም። ደወለች፤ ቱ፣ ቱ። ደወለች። በአምስተኛው ላይ ለሚያዩዋት ሁሉ ዘወር ሳትል ተናገረች፤ ስለ በሩ፣ ስለ ሦስቱ ቁልፍ፣ ስለ ሰባቱ ወር። «ስድስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። በሕይወቴ የጀመርኩትን አንድ ነገር ልጨርስ ብዬ ነበር» አለች።

ንፍሮ የያዙት ንፍሯቸውን አስቀመጡ። ወንበር ያመጡት ወንበራቸውን ዘረጉ። አሥራ አንድ ሰው ከሀረጓ ኋላ ተቀመጠ። አባባ ይሄይስ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ሰባት ደቂቃ አለሽ። በይ ምቺው።»

ቱ፣ ቱ።

«ስድስት። ውስጥ ያሉት ጓደኞችሽ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ጥለውሽ ይገባሉ?»

«ያለ እኔ መግባት አይችሉም። ቢችሉም አይገቡም።»

«የታደልሽ። አምስት።»

እዚያ ውስጥ ሺራን ለሊኦር «ጣና ከመስመር ወድቃለች፤ እንግዳውን አስወጣው!» ብላ እየጮኸችበት ነበር። ሊኦርም እግር ኳስ ውጤት ሊያነብ የገባውን እንግዳ ይቅርታ ጠይቆ አስወጣው። በአሥራ አንደኛው ሙከራ፣ አባባ ይሄይስ «ሦስት» ሲል፣ ድመቷ ጮኸች። ዝናቡ ተንሿሿ። ጸጥ አለ።

«ገባሽ?» አለ ካሣሁን በሹክሹክታ።

«ገባሁ!»

«አንድ፣ ሁለት ብዬ ሦስት ስል» ብሎ ጻፈ አቪኤል። ሀረጓ ቃሉን ጽፋ ጣቷን አዘጋጀች። አንድ። ሁለት። ሦስት። «ቁልፉን አዞራለሁ።»

መስኮቱ ለአፍታ ባዶ ሆነ። ከዚያ የዕብራይስጡ ፊደሎች ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ መጡ፤ ሀረጓ በአማርኛ እየመለሰች ጮክ ብላ አነበበች። «የጨው በር ተከፈተ። ነፋስ ፊታችሁን መታው። ከወዲያ ማዶ ባሕር አለ፤ ፀሐይም ገና አልጠለቀችም። ሦስታችሁም ደርሳችኋል።»

እትዬ ታየች እልልታዋን ለቀቀችው! የቀሩት ሴቶች ተቀበሏት፤ አቲቆት ተናጋች። ከአንደኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት፣ ልቅሶውን ሰምታ ሻማ ይዛ እየወጣች የነበረችው፣ እልልታውን ስትሰማ ደረጃው መሀል ቆማ ቀረች። ካሣሁን ማያን ወደ ላይ ወረወራት። አባባ ይሄይስ ሰዓቱን እያሰረ «ግን ሰውዬው መጀመሪያውኑ ሦስት ቁልፍ ለበር የሚያደርገው ምን ሰርቆ ቢሆን ነው?» አለ። ሺራን ከቤር ሼቫ፣ አቪኤል ከሚሠራበት ግቢ ቢሮ እየጻፉ፣ ሀረጓ እየሳቀችና እያለቀሰች፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መስመሩ ተዘጋ። ጨርሳለች። ንፍሮው እንዳይባክን ቁጭ ብለው በሉት፤ ጎረቤቷንም ሻማዋን ተቀብለው አስቀመጧት።

ሊኦር ከጦሩ ተመልሷል፤ አዲሱም ዓለም ተከፍቷል። ሦስቱ እንደገና መንገድ ጀምረዋል፤ ሀረጓም አሁን የምትጨርሰው ሌላ ነገር አላት። ስለዚህ ይህን የምታነቡትን ሁሉ፣ የምታውቋትንም የማታውቋትንም፣ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ስልኳ ተይዞ ብታገኙት እባካችሁ ሌላ ሰው ጋ ደውላችሁ አትጠይቁ። ደህና ናት፤ ካሣሁንም ደህና ነው፤ ማያም። ትንሽ ጠብቁና ለራሷ መልሳችሁ ደውሉላት፤ የት ደርሳ እንደመጣች እሷው ትነግራችኋለች።